ጀርባ የማያጎብጥ ወርክስቴሽን ኪቦርድ፦ ለመድረክም ለስቱዲዮም ስንመርጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ኪቦርድ ልገዛ ነው፤ የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ለመድረኩ የሚሆናችሁን ምረጡ፤ ስቱዲዮው ብዙ አያስቸግርም። ለምን እንደዚያ እንደምል ከታች ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጠቀስኩት ክብደት ደግሞ የባዶ ኪቦርዱ ነው፤ ቦርሳውና አዳፕተሩ የለበትም።

ለመሆኑ ወርክስቴሽን የሚባለው የትኛው ነው?

አንድ ሙዚቃ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሊሠራበት የሚችል ኪቦርድ ነው። የብዙ መሣሪያዎች ድምፅ፣ ከበሮ፣ ኢፌክት፣ የተጫወታችሁትን በየትራኩ የሚይዝ ሲኩዌንሰር፣ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ አለ። ስሙን በዓለም ያስለመደው በ1988 የወጣው ኮርግ ኤም 1 ነው። ከ13 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ሲኩዌንሰሩ 8 ትራክ ነበረው፤ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ደግሞ 16 ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊትስ? ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ዕቃ መሸከም ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ሲገባ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖን፣ ሙግ ሲንተሳይዘርንና ያማሃ ዲኤክስ 7ን ነው የተጠቀመው። መድረክ ላይ የሚወጣው ሮድስ ብቻውን ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ዲኤክስ 7 ወደ 14 ኪሎ ይጠጋል። ዛሬ የእነዚህን ሁሉ ድምፅ የያዘ 6 ኪሎ ኪቦርድ በትከሻ አንጠልጥሎ ታክሲ መሳፈር ይቻላል። እኔ ይህን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ሰርግ ላይ የማየው ኦርጋንስ? እሱም ላዩ ላይ «ወርክስቴሽን» ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰርግ ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ አሬንጀር ነው። የያማሃ ፒኤስአር እና የኮርግ ፒኤ ቤተሰቦች እዚህ ይመደባሉ። በግራ እጅ ኮርድ ስትይዙ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ አጃቢውም አብሯችሁ ይሄዳል። ያንን የሚያደርገው «ስታይል» የሚባለው ነው። አንዳንዶቹ ላይ «ዲጂታል ወርክስቴሽን» ተብሎ ስለተጻፈ ስሙ ያደናግራል። የዚህ ጽሑፍ ወርክስቴሽን ግን ስታይል ይዞ አይመጣም። አጃቢውን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፤ አለዚያ ባንድ ይኖራችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ብቻዬን ነው የምጫወተው ወይስ ከሰው ጋር? ብቻውን ሰርግ የሚያደምቅ ሰው አሬንጀሩን አይልቀቅ። ከፋብሪካ የሚመጡት ስታይሎች የእኛን ጭክችካ በደንብ አያውቁትም፤ ግን ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸውን በፍላሽ ይቀባበላሉ። ያንን ሀብት ትቶ ወደ ወርክስቴሽን መሄድ ሥራን ከዜሮ መጀመር ነው። ከበሮ መቺና ቤዝ ተጫዋች ያለው ባንድ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር የምትጫወቱ ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ ሙዚቃ የምታቀናብሩ ከሆነ ግን ወርክስቴሽኑ ይሻላችኋል። ድምፁ ይበልጥ ይሠራል፣ ይታሻል፣ ይለወጣል። አሬንጀሮቹ ደግሞ ቀላል አይደሉም። ያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ 900፣ 61 ቁልፍ ብቻ ይዞ 11 ኪሎ ተኩል ነው።

«ቀላል» ስንል ስንት ኪሎ ነው?

የእኔ መስመር 8 ኪሎ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አንድ ሰው በአንድ ትከሻ ይዞ፣ በሌላው እጁ ስታንዱን አንጠልጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚያግዝ ሰው መፈለግ ይመጣል።

በዚህ መስመር ውስጥ የሚገኙት የታወቁት እነዚህ ናቸው። ኮርግ ክሮስ 2 ባለ 61ዱ 3.8 ኪሎ ነው። ከሁሉም ቀላሉ ይኸው ነው፤ ስታነሱት ውስጡ ባዶ ይመስላል። ሮላንድ ጁኖ ዲኤስ 61፣ 5.3 ኪሎ። ሮላንድ ኤፍኤ 06፣ 5.7 ኪሎ። ያማሃ ኤምኦዲኤክስ 6 ደግሞ 6.6 ኪሎ። የሮላንድ ፋንተም 06ም በ6 ኪሎ ዙሪያ ነው።

በተቃራኒው ኮርግ ናውቲለስ ባለ 61 ቁልፉ እንኳ 13 ኪሎ ይደርሳል። ግሩም መሣሪያ ነው። የማይንቀሳቀስ ከሆነ።

ክብደቱ ሲቀንስ ድምፁም አይቀንስም?

አይቀንስም። ድምፁን የሚሠራው ቺፕ የሚመዝነው ግራሞች ነው። ኪሎውን የሚጨምሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የብረት ሰውነት፣ ውስጡ የተገጠመ የመብራት ክፍል፣ ከሁሉም በላይ መዶሻ ያላቸው ከባድ ቁልፎች። ኤምኦዲኤክስን ተመልከቱ። ባለ 61 ቁልፉ 6.6፣ ባለ 76ቱ 7.4፣ ባለ 88ቱ ደግሞ 13.8 ኪሎ ነው። ሦስቱም ውስጣቸው አንድ ነው፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚወጣቸው። ከ76 ወደ 88 ስትሄዱ የሚጨመረው 6 ኪሎ 12 ቁልፍ ስለበዛ አይደለም፤ የቁልፎቹ ዓይነት ስለሚለወጥ ነው።

የምታጡት ነገር ሌላ ነው። ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፤ ቢወድቅ ይሰነጠቃል። ማዞሪያዎቹ ይቀንሳሉ። ብዙዎቹ አፍተርታች የላቸውም፤ ማለትም ቁልፉን ከያዛችሁ በኋላ ጫን ስትሉት ድምፁ አይለወጥም። ቁልፋቸውም ለስለስ ያለ ነው። ፒያኖ ተምሮ ያደገ ሰው መጀመሪያ ሲነካው ቅር ይለዋል።

61 ይበቃኛል ወይስ 88?

የምትጫወቱት በአብዛኛው ፒያኖ ከሆነ 88 ግዙ፤ ክብደቱንም ተቀበሉት። ለዚህ ማታለያ የለውም። የእኛ አገር ኪቦርድ ተጫዋች ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በቀኝ እጅ ብራስ ወይም ዋሽንት፣ በግራ ፓድ (ከኋላ የሚዘረጋ ለስላሳ ድምፅ) ወይም ኦርጋን ይይዛል፤ ዜማውም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ለዚህ 61 ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ድምፅ በአንድ ኪቦርድ ላይ ከፍላችሁ፣ ማለትም ስፕሊት አድርጋችሁ የምትጫወቱ ከሆነና ቦታው የሚጠብባችሁ ከሆነ 73 ወይም 76 ጥሩ መሃል ቤት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ መምጣት ይችላል?

ይችላል፤ ግን ሜትር አውጡ። አየር መንገዶች ለሚጫን ሻንጣ በብዛት የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ክብደቱ ከ23 ኪሎ አይለፍ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሲደመር ከ158 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ኪሎው ቀልድ ነው። የሚያጣላው ሁለተኛው ነው።

ኤምኦዲኤክስ 6 ወደ 94 በ33 በ13 ሴንቲ ነው፤ ሲደመር 140። በቀጭን ግን ጠንካራ ቦርሳ ከገባ ያልፋል። ባለ 76ቱ ግን ርዝመቱ ብቻ 114 ሴንቲ ስለሆነ ያለ ቦርሳው እንኳ 158ን ያልፋል። ክሮስ 2 ባለ 61ዱ በ130 ዙሪያ ስለሆነ ስፖንጅ ለመጠቅለል ሰፊ ቦታ ይተርፋል። የየአየር መንገዱ ደንብ ስለሚለያይ ዘመዳችሁ ቲኬቱን ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። «ልብሴን ልተውልህ እንዴ?» የሚል ስልክ ሲደወልላችሁ የምታስቡበት ነገር አይደለም።

ሌላው አዳፕተሩ ነው። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ 220። አዳፕተሩ ላይ በደቃቃ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ አትሰኩት። ይቃጠላል። ያኔ ወይ ለ220 የተሠራውን ትክክለኛ አዳፕተር መግዛት ነው፣ ወይ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር። ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን «ይሆናል» የተባለ አዳፕተር ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቱን፣ አምፔሩንና የጫፉን ፖላሪቲ፣ ማለትም ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ የት እንደሆነ አመሳክሩ።

መብራት ሲጠፋስ?

እዚህ ላይ ጠባሳ አለብኝ። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ አዳራሹ በር ላይ ደርሰዋል፤ መግቢያውን ልጀምር እጄን ሳነሳ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ቶሎ ተነሳ። የእኔ ኪቦርድ ግን አልተነሳም። ያኔ የያዝኩት ትልቅና ከባድ ነበር፤ ድምፆቹን ጭኖ እስኪጨርስ ከደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ስክሪኑ ላይ ያቺ መስመር ቀስ እያለች ስትሞላ ሙሽሮቹ በጭብጨባ ብቻ ገቡ። የሙሽራዋ ወንድም የዚያን ቀን ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ኪቦርድ ሳይ መጀመሪያ የማደርገው አጥፍቶ ማብራት ነው። እየቆጠርኩ። ሱቅ ውስጥ ይህን አድርጉ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

በባትሪ የሚሠሩም አሉ። ክሮስ 2 በ6 ተራ የሪሞት ባትሪ ይሠራል። ጁኖ ዲኤስ 61 ደግሞ 8 ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎችን ይቀበላል። ስፒከሩ ቢጠፋ ኪቦርዱ ብቻውን ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ነገሩ ጀነሬተሩ ሲነሳ የእናንተ ዕቃ ቀድሞ ተነስቶ መጠበቁ ነው። በተረፈ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ የአዳፕተር ኪቦርድን ለረጅም ደቂቃዎች ይሸከማል። ከሰርግ አዳራሽ ዲቫይደር ላይ፣ ከማሞቂያ ምድጃው ጎን በቀጥታ መሰካት ግን አልመክርም።

መድረክ ላይ ዋናው ነገር ምንድን ነው?

ድምፅ መቀየር። ይህ ነው ኪቦርዶችን የሚለያቸው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራሉ። መድረክ ላይ ግን ዘፋኙ ሳይነግራችሁ ወደ ሌላ ዘፈን ይዘልላል።

እንዲህ ሞክሩት። ስትሪንግ ምረጡ፤ ኮርድ ያዙ፤ ሳትለቁ ወደ ፒያኖ ቀይሩ። የያዛችሁት ድምፅ ጭጭ ካለ ወይም ኢፌክቱ ከተቆረጠ መድረክ ላይም እንደዚያ ነው። ኤምኦዲኤክስ እስከ 4 ክፍል ላላቸው ድምፆች ሳይቆረጥ ያሻግራል። አንዳንድ ረከስ ያሉት ላይ ግን ይቆረጣል። ይህ ለብቻው ከመግዛት አያስቀርም፤ ግን አውቃችሁት ግቡ።

ቀጥሎ፣ ድምፆችን በቅደም ተከተል መደርደር መቻሉን እዩ። የዛሬን ምሽት 20 ዘፈን በተራ አስቀምጦ በአንድ በተን ወይም በፔዳል ወደ ቀጣዩ መሄድ ትልቅ እፎይታ ነው። ደርድራችሁ ስትጨርሱ የሁሉንም ከፍታ አንድ ላይ አስተካክሉ። ብራሱ ከፒያኖው እጥፍ ሲጮህ ሳውንድ ማኑ ዝቅ ያደርጋችኋል፤ ተመልሶ ከፍ ማድረጉን ግን ይረሳዋል። ደግሞ ይህን የምታደርጉት ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በትልቅ ስፒከር ነው።

ስክሪኑንም ውጭ ፀሐይ ላይ እዩት። የመስክ ዝግጅት ላይ ምንም የማይታይ ንክኪ ስክሪን ይዞ መቆም ደስ አይልም።

ስቱዲዮ ላይስ?

እዚህ ነው መጀመሪያ ያልኩት የሚመጣው። በኤም 1 ዘመን ሲኩዌንሰሩ የስቱዲዮው ልብ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ ኮምፒውተር ወስዶታል። ከኪቦርዱ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ጥሩ ቁልፍ፣ ጥሩ ድምፅ፣ በአንድ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር መግባባት። ስለዚህ «ሲኩዌንሰሩ ስንት ትራክ አለው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ድሮው አያስጨንቀኝም። ሐሳብ ሲመጣ ቶሎ መያዣ ከሆነ ይበቃል።

ዩኤስቢውን ግን በደንብ ጠይቁ። አንዳንዱ ኪቦርድ በዩኤስቢ የሚያሳልፈው ሚዲ ብቻ ነው፤ የቱ ቁልፍ እንደተመታ ይናገራል እንጂ ድምፁን አይልክም። ሌላው ድምፁንም ይልካል። ከላይ የጠራኋቸው ክሮስ 2፣ ጁኖ ዲኤስና ኤምኦዲኤክስ ይልካሉ። ኤምኦዲኤክስ 10 ቻናል ወደ ኮምፒውተሩ ልኮ 4 ይቀበላል፤ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ በአንድ ጊዜ መቅዳት ትችላላችሁ። ሌላ የድምፅ ካርድ የመግዛት ወጪም ለጊዜው ይቀርላችኋል።

ቅኝቶቻችንን በትክክል ያወጣል?

ትዝታና ባቲ ብዙ አያስቸግሩም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ዝግጁ ሆኖ ተቀምጧል። ጉዱ የሚመጣው አንቺሆዬ ላይ ነው። ኪቦርድ ላይ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብለን እንጫወተዋለን። ክራር ደርዳሪው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ግን እነዚያ ድምፆች ከእሱ ጋር አይገጥሙም፤ አንዱ ትንሽ ከፍ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ይላል። እሱ አልተሳሳተም። ኪቦርዱ ነው ሁሉንም እኩል የከፋፈለው።

መፍትሔው ስኬል ቲዩኒንግ ወይም ማይክሮ ቲዩኒንግ የሚባለው ነው። ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 100 ሴንት ነው። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በሴንት ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ቁጥሩን ከኢንተርኔት አትፈልጉ። ከክራር ተጫዋቹ ጋር ተቀመጡ፤ እሱ ይምታ፣ እናንተ እያዳመጣችሁ አስተካክሉ። ስትገዙ የምታጣሩት ሁለት ነገር ነው፤ የራሳችሁን ቅኝት ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ከአንድ በላይስ ይይዛል? አሬንጀሮቹ ለአረብ ሙዚቃ ስለሚሠሩ ይህን ፊት ለፊት በበተን ያስቀምጡታል። ወርክስቴሽኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ አለ፤ ግን ሜኑ ውስጥ ጠልቆ ነው። ሻጩ «የለውም» ቢላችሁ አትመኑት፤ ማኑዋሉን ክፈቱ።

ማሲንቆና ክራር ድምፅ አለው?

ከፋብሪካ አትጠብቁ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ በራሳችሁ ናሙና መሥራት ወይም የተሠራ መጫን ነው። ለዚህ ኪቦርዱ ከውጭ ድምፅ የሚጭንበት ማኅደር ያስፈልገዋል፤ ኤምኦዲኤክስ 1 ጊጋ፣ ተከታዩ ኤምኦዲኤክስ ፕላስ 1.75 ጊጋ አለው። ክሮስ 2 ደግሞ 16 የሚመቱ በተኖች (ፓድ) ያሉት ሳምፕለር፣ ማለትም ድምፅ ቀድቶ የሚያጫውት ክፍል አለው፤ ለጭብጨባና ለእልልታ ሸጋ ነው።

ሁለተኛው ማስመሰል ነው፤ እዚህ ላይ ጣት ከማሽን ይበልጣል። ቫዮሊን ምረጡ፣ ሞኖ አድርጉት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ይውጣው፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚያንሸራትተውን ፒች ቤንድ 2 ግማሽ ድምፅ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ ድምፁን ከታች አንሸራታችሁ ግቡ። ማሲንቆው የሚገኘው በመንሸራተቱ ውስጥ ነው። ለዚህ ስትሉ የቤንዱን ዓይነት በእጃችሁ ሞክሩ። ያማሃ ሁለት ጎማ ይሠራል፤ ሮላንድ ወደ ጎንም ወደ ፊትም የሚገፋ አንድ ዘንግ። እኔ ጎማውን እወዳለሁ። የሮላንዱን የለመደ ደግሞ ከእሱ ሌላ አይልም።

ፖሊፎኒ ስንት ይበቃል?

ፖሊፎኒ ማለት ኪቦርዱ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው የድምፅ ብዛት ነው። 64 ለመድረክ ያኖራል። 120 ወይም 128 ካለ ስለሱ ማሰብ አቁሙ።

ያገለገለ ብገዛስ?

እኔ ራሴ ያገለገለ ነው የያዝኩት። ስትሄዱ የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን ቁልፍ አንዴ በቀስታ አንዴ በኃይል ምቱ፤ ቀስ ብላችሁ መታችሁት የሚጮህ ካለ ከውስጥ ያለው የጎማ ኮንታክት አልቋል። ማዞሪያዎቹን ዞር ዞር አድርጉ፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ አቧራ ገብቶበታል። የዩኤስቢ ቀዳዳው እንዳይነቃነቅ እዩ። ዋናው አዳፕተር መኖሩንም።

ባለቤቱ «ብዙ ድምፅ ጭኜበታለሁ» ካላችሁ መጀመሪያ ያንን በፍላሽ ገልብጡት፤ ከዚያ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሳችሁ ሞክሩት።

አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?

ገንዘቡ ካለ ባለ 61ዱን ኤምኦዲኤክስ። ምክንያቴ ድምፅ ሲቀይር አለመቁረጡና ኤፍኤም የሚባለው፣ እንደ ዲኤክስ 7 ድምፅ የሚሠራው ክፍሉ ነው፤ የዲኤክስ 7 የድሮ ድምፆችን ቀይሮ መጫን ይቻላል፤ የ80ዎቹን የአማርኛ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሜኑው ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ገንዘቡ ካጠረ፣ ወይም በየሳምንቱ በታክሲ የምትመላለሱ ከሆነ ጁኖ ዲኤስ 61። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው፤ ማይክ መሰኪያም አለው።

ከኪቦርዱ ጋር ሌላ ምን ልግዛ?

ትከሻ ላይ የሚያርፍ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ቦርሳ። ሰስቴይን ፔዳል፣ ማለትም ቁልፉን ከለቀቃችሁ በኋላም ድምፁን የሚያቆይ የእግር መርገጫ፤ ፔዳሉን ረግጣችሁ ኪቦርዱን አታብሩ፤ ብዙዎቹ ሲበሩ አቅጣጫውን ስለሚለኩ ተገልብጦ ይሠራባችኋል። ሁለት ጃክ ገመድና አንድ ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም በኪቦርዱና በሳውንድ ማኑ ሚክሰር መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን፤ ከላፕቶፕ ጋር ስትሰኩ የሚመጣውን «እእእ» የሚል ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እሱ ነው። ሳውንድ ማኑ አንድ መስመር ብቻ ከሰጣችሁ ገመዱን «ኤል ሞኖ» የሚለው ላይ ሰኩት፤ ቀኙ ላይ ከሰካችሁት ግማሽ ፒያኖ ነው የሚሰማው።

ፍላሽም ግዙ። ሁለት። የሠራችሁትን ሁሉ በሁለቱም ላይ ገልብጡና አንዱን ከኪቦርዱ ቦርሳ ውጭ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት።